ተማሪዎቼ ቁልፉን ያውቃሉ፤ ካርታውን ግን አያውቁትም

ጥያቄው ከአንድ ወጣት መምህር የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የጂአይኤስ (የጂኦግራፊያዊ መረጃ ሲስተም፣ ማለትም የካርታና የቦታ መረጃን በኮምፒውተር የመሥሪያ ሥርዓት) መግቢያ ኮርስ እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። ክፍሉ ቅልቅል ነው፤ ከሲቪል ምህንድስና፣ ከባዮሎጂ፣ ከአካባቢ ሳይንስና ከኮምፒውተር ሳይንስ የመጡ አሉበት። ያለኝ 16 ሳምንት ነው፤ በሳምንት 2 ሰዓት ሌክቸርና 3 ሰዓት ላብ (የኮምፒውተር ልምምድ)። የተረከብኩት ማስተማሪያ ከዳር እስከ ዳር ‹ይህን ተጫን፣ ቀጥሎ ያን ተጫን› የሚል ማንዋል ነው። ያለፈው ዓመት ተማሪዎች ላቡን በጥሩ ውጤት ጨርሰዋል። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ካርታ ሥሩ ሲባሉ ግን ከየት እንደሚጀምሩ ጠፋባቸው። ተማሪዎቼ ቁልፉን ያውቃሉ፤ ካርታውን ግን አያውቁትም። ምን ላይ ላተኩር? ቲዎሪው ምን ያህል ይሁን? በየትኛው ሶፍትዌር ላስተምር? ምን ይመክሩኛል?»

እንኳን አሁን ጠየቅክ። እኔ ይህን ጥያቄ ለራሴ ያቀረብኩት ብዙ ተማሪ ካስተማርኩ በኋላ ነው። ምክሩን ከመስጠቴ በፊት ዓይኔን የከፈተልኝን ቀን ልንገርህ።

የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚቀርብበት ቀን ነበር። ከሦስቱ ፈታኞች አንዱ እኔ ነኝ። አንድ ጎበዝ ተማሪ የአንድን ተፋሰስ ደን ስፋት ለክቶ አቀረበ። ካርታው ያምራል። ቀለሙ፣ የሰሜን ቀስቱ፣ መስፈርቱ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ሠንጠረዡ ላይ «የደን ስፋት፦ 0.0127 ካሬ ኪሎ ሜትር» ይላል። ስለ ቀለሙ ጠየቅነው። ስለ ሳተላይቱ ጠየቅነው። ጥሩ ውጤት ሰጥተን ሸኘነው። ማታ ጽሑፉን ሳገላብጥ ዓይኔ ቁጥሯ ላይ አረፈ። 0.0127 ካሬ ኪሎ ሜትር ማለት 1.27 ሄክታር ነው። ሁለት የእግር ኳስ ሜዳ እንኳን አይሞላም። ተማሪው ግን ያንን ደን በእግሩ ለመዞር ቀናት ፈጅቶበት ነበር። የሆነው ነገር ግልጽ ነው። ዳታው በዲግሪ (በኬክሮስና በኬንትሮስ) ነበር። ሶፍትዌሩ ስፋቱን በካሬ ዲግሪ አወጣለት። እሱ ደግሞ አጠገቡ «ካሬ ኪሎ ሜትር» ብሎ ጻፈበት። እውነተኛው ስፋት ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነበር።

ልጁ አንድም ቁልፍ አልሳተም። እኔ የሰጠሁትን ማንዋል ቃል በቃል ተከትሏል። ሶፍትዌሩም ቀይ መብራት አላበራም፤ የታዘዘውን አሰላ። እኛ ሦስት ፈታኞችም አላየነውም። በዚያ ምሽት የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ ኮርሴን ይመራዋል፦ ተማሪዬ የራሱን ካርታ አይቶ «ቆይ፣ ይሄ ልክ ሊሆን አይችልም» ማለት ካልቻለ ምንም አላስተማርኩትም። ለጥያቄህ የምሰጠው መልስ በሙሉ ከዚህ ይመነጫል።

«ቲዎሪው ምን ያህል ይሁን?» ላልከው፣ ቲዎሪና ላብ ብሎ መክፈሉ ራሱ ነው የሚጎዳው። የሙያው ታሪክም ይህን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ካናዳ ውስጥ ሮጀር ቶምሊንሰን ሰፊውን የአገሪቱን መሬት በኮምፒውተር ለመመዝገብና ካርታዎችን ለመደራረብ ሲነሳ ጉዳዩ መሣሪያ መሥራት ነበር። መሣሪያው ከተስፋፋ በኋላ ግን ሌላ ዓይነት ጥያቄ መጣ። ስህተት ከአንድ ሌየር (የካርታ ንብርብር) ወደ ሌላው እንዴት ይተላለፋል? ድንበሩን ብንቀይረው መልሱ ለምን ይቀየራል? እ.ኤ.አ. በ1992 ማይክል ጉድቻይልድ እነዚህን ጥያቄዎች ሰብስቦ «የጂኦግራፊያዊ መረጃ ሳይንስ» የሚል ስም ሰጣቸው። የኮርስህ ስም ላይ ያለው ሦስተኛው ፊደል፣ «ኤስ»፣ «ሲስተም» ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፤ «ሳይንስ»ም ይሁን። ሳይንሱ የሚማረው ደግሞ እጅ ሥራ ላይ እያለ ነው። ላቡ ውስጥ የሆነ ነገር ሲበላሽ፣ ያኔ ለምን እንደተበላሸ የምታስረዳው 10 ደቂቃ ከሁለት ሰዓት ሌክቸር ይበልጣል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ላብ ኮምፒውተር አታስከፍት። ተማሪዎቹን ይዘህ ወደ ውጭ ውጣ። አንድ ምሰሶ ምረጥ። ሁሉም ተራ በተራ ምሰሶው ሥር ቆሞ ስልኩ የሚያሳየውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ይጻፍ። ቁጥሮቹን ወደ ሜትር ለውጣችሁ በካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀምጡ። ምሰሶው አንድ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን እንደተበተነ ጥራጥሬ ያሉ 30 እና 40 ነጥቦች ታያለህ። ክፍሉ ዝም ይላል። ከዚያ አንዱ «የማን ስልክ ነው ልክ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህችን ጥያቄ ጠብቃት፤ የሴሚስተሩ ምርጥ ጥያቄ ናት።

እዚያው ላይ ሁለት ነገር ታስተምራለህ። አንደኛ፣ በዲግሪ የተጻፈ ቁጥር ላይ ከነጥብ በኋላ ያለው አምስተኛው አሃዝ ምድር ወገብ አካባቢ ወደ 1.1 ሜትር ነው። ስድስተኛው ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ነው። ስልኩ ስድስት አሃዝ ጻፈ ማለት ግን በ11 ሴንቲ ሜትር ያውቃል ማለት አይደለም። ክፍት ሰማይ ሥር የስልክ ጂፒኤስ ስህተት ወደ 5 ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛ፣ ያንኑ ሥራ ረጅም ሕንፃ ጥግ ላይ ድገሙት። ነጥቦቹ ይበልጥ ይበተናሉ፤ ምክንያቱም ምልክቱ ግድግዳ ላይ እየነጠረ ይመጣል። እ.ኤ.አ. እስከ ሜይ 2000 ድረስ አሜሪካ ለሲቪል ተጠቃሚ የሚሰጠውን ምልክት ሆን ብላ ታደበዝዘው እንደነበርም ንገራቸው። ያኔ ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ካርታ ላይ ያለ ነጥብ ሰው የለካው ነገር መሆኑን ከዚህ በኋላ አይረሱትም።

ቀጣዮቹን ሦስት ሳምንታት በሙሉ ለኮርድኔት ሥርዓት (ቦታ በቁጥር ለሚገለጽበት ሥርዓት) ስጣቸው። «ሦስት ሳምንት? በዛ!» ትል ይሆናል። አልበዛም። ካየኋቸው የተማሪ ስህተቶች ብዙዎቹ ምንጫቸው እዚህ ነው። ማንዋሎች ደግሞ ይህን በግማሽ ገጽ ያልፉታል።

ላቡን እንዲህ ጀምር። በዲግሪ የተቀመጠ የትምህርት ቤቶች ሌየር ስጣቸው። «በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ዙሪያ 500 ሜትር ባፈር (በዚያ ርቀት የተከበበ ክልል) ሥሩ» በል። ምንም አትጨምር። ተማሪው መሣሪያውን ይከፍታል፣ 500 ብሎ ይጽፋል፣ ያስኬደዋል። ነጥቦቹ ይጠፋሉ። ስክሪኑ በአንድ ቀለም ይሞላል። ያሳንሰዋል፣ አሁንም ያው ነው። ዓለምን በሙሉ የዋጠ አንድ ትልቅ ክብ ሠርቷል። ያኔ አጠገቡ ሄደህ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ፦ «500 ምን?» መልሱን አትንገረው። ሌየሩን ራሱ ይመልከት፣ አሃዱን ራሱ ያግኝ። ምድርን ሙሉ ለሙሉ ብትዞራት 360 ዲግሪ ነው፤ እሱ 500 ዲግሪ አዟል። ሲገባው ፊቱ ላይ ታየዋለህ። እኔ አሁን «500 ምን?» የሚለውን ሰሌዳው ጥግ ላይ ጽፌ ሴሚስተሩን ሙሉ አላጠፋውም።

ከዚያ ዲግሪ የርዝመት መለኪያ እንዳልሆነ በእጃቸው ያስሉ። ምድር ወገብ ላይ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ነው። 60ኛው ኬክሮስ ላይ ግማሹ ይሆናል። ዋልታው ላይ ዜሮ ነው። የኬክሮሱን ኮሳይን ማባዛት ብቻ ነው፤ የሳይንስ ተማሪ በአንድ ደቂቃ ይሠራዋል። ስለዚህ «0.005 ዲግሪ ብጽፍስ?» ብሎ የሚያቋርጠው ጎበዝ ተማሪም መልስ ያገኛል፦ ከምድር ወገብ ከራቅክ ክብህ እንቁላል ይሆናል።

ቀጥሎ ያለው ነገር በጣም ያሳስበኛል። ለአንድ ሌየር የኮርድኔት ሥርዓቱን መንገርና ሌየሩን ወደ ሌላ ሥርዓት መለወጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሶፍትዌሩ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ስማቸውም ይቀራረባል። ተማሪው ሌየሮቹ አልገጥም ሲሉት የመጀመሪያውን ይጫናል። ያ ስም መለጠፍ ብቻ ነው። የ5 ሜትር ገመድ ላይ «5 ጫማ» የሚል ወረቀት ብትለጥፍ ገመዱ አያጥርም። ቁጥሮቹ ያው ሆነው ስማቸው ውሸት ይሆናል። ይህን በተግባር አሳያቸው፤ አንድን ሌየር በትክክል ለውጡት፣ ቅጂውን ደግሞ ስሙን ብቻ ቀይሩለት፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ክፈቱ። አንዱ ቦታው ላይ፣ ሌላው እጅግ ርቆ ይገኛል።

ስለ ዳተም (ኬክሮስና ኬንትሮስ ስለሚለኩበት መነሻ) ስታስተምር ቀመር ከማብዛት ግሪኒችን ንገራቸው። እንግሊዝ ውስጥ ግሪኒች ኦብዘርቫቶሪ ግቢ ዜሮ ኬንትሮስን የሚያሳይ መስመር አለ። ሰው ሁሉ መስመሩ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ስልኩን አውጥቶ ሲያይ ግን ዜሮ አይልም። የጂፒኤስ ዜሮ ወደ ምሥራቅ 102 ሜትር ገደማ ይርቃል። ስልኩ አልተሳሳተም፤ መስመሩም አልተሳሳተም። የድሮዎቹ ሳይንቲስቶች «ወደ ላይ» የሚባለውን አቅጣጫ የለኩት በቦታው ባለው የስበት ኃይል ነው፤ ያ ደግሞ በአካባቢው የምድር ክብደት ስርጭት ጥቂት ይዘማል። ጂፒኤስ የሚነሳው ከምድር መሃል ነው። ሁለት መነሻ፣ ሁለት ዜሮ። «ዳተም ምንድነው?» ለሚለው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ሁለት ካርታ ሲደራረብ መንገዱ ከወንዙ 100 ሜትር ተንሸራቶ ያየ ተማሪ ካርታውን በማውዝ ጎትቶ ለማስተካከል ይሞክራል። ግሪኒችን የሰማ ተማሪ ግን «ዳተማቸው ምንድነው?» ይላል።

እዚህ ላይ ለሲቪል ምህንድስና ልጆችህ አንዲት ነገር ጨምር። ዩቲኤም የተባለው በሜትር የሚለካ የኮርድኔት ሥርዓት ምድርን 6 ዲግሪ በ6 ዲግሪ ለ60 ዞኖች ይከፍላል። የዞኑ መካከለኛ መስመር ላይ ርዝመት በ0.9996 ተባዝቶ ነው የሚታየው። ተማሪዎች ይህን ቁጥር ለፈተና ይሸመድዱታል። ትርጉሙን ጠይቃቸው። 10 ኪሎ ሜትር መንገድ ካርታው ላይ 4 ሜትር ያጥራል ማለት ነው። ለእግረኛ ምንም አይደለም። ሁለት ጫፍ ላይ ጀምሮ መሃል ላይ ለሚገናኝ ዋሻ ግን ጉድ ነው።

ስለ መርካቶር ፕሮጀክሽን (ክቧን ምድር ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ስለማስቀመጫው ዘዴ) አጭር ንግግር ይበቃል። አብዛኛው የኢንተርኔት ካርታ የሚጠቀመው ከዚህ ፕሮጀክሽን የመጣውን ነው። 60ኛው ኬክሮስ ላይ ርዝመትን እጥፍ፣ ስፋትን አራት እጥፍ ያደርጋል። አፍሪካ ከግሪንላንድ ወደ 14 እጥፍ ትሰፋለች፤ እዚያ ካርታ ላይ ግን እኩያ ይመስላሉ። «ውሸታም ካርታ» ብለው እንዳይሄዱ ግን ተጠንቀቅ። ጌራርዱስ መርካቶር እ.ኤ.አ. በ1569 የሠራው ለመርከበኞች ነው። አቅጣጫውን ሳይቀይር የሚቀዝፍ ሰው መንገዱን ቀጥ ባለ መስመር እንዲያሰምር ነው። ለዚያ ጥያቄ ዛሬም ልክ ነው። ስፋት ለሚለካ ሰው አልተሠራም።

ወደ ራስተር (ቁጥር በያዙ ትናንሽ ካሬዎች፣ በፒክስሎች፣ ወደተሠራ ካርታ) ስትሻገር ትንሽ ፍጠን፤ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ቁም።

አንደኛው ይኸውና። የመሬት ሽፋን ካርታ ላይ ጫካ 1፣ ከተማ 2፣ ውሃ 3 ተብሎ ተቀምጧል እንበል። ተማሪው የፒክስሉን መጠን መቀየር ይፈልጋል። ሶፍትዌሩ «በምን ዘዴ?» ይለዋል። አማካይ የሚወስደውን ዘዴ ይመርጣል፤ ምስሉን ለስላሳ ስለሚያደርገው ያምራል። ሐይቁ ዳር ያለው ጫካ 1 ነው፣ ሐይቁ 3 ነው፣ አማካዩ 2 ይሆናል። በሐይቁ ዙሪያ ሰው የማይኖርበት ከተማ በቀለበት ተሠራ! ይህን በወረቀት ላይ በአራት ፒክስል አሠራቸው። ቁጥር ሁሉ የሚደመርና የሚካፈል እንዳልሆነ፣ አንዳንዱ ቁጥር የተደበቀ ስም እንደሆነ በዚህ ይገባቸዋል። የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች «ይሄማ የዳታ ዓይነት ጉዳይ ነው» ይሉሃል። ልክ ናቸው። እነሱው ለሌሎቹ ያስረዱ።

ሁለተኛው የምደባ ትክክለኛነት ነው። ተማሪዎች «ካርታዬ 90 በመቶ ትክክል ነው» ብለው ሲጽፉ ይኮራሉ። አንድ ቀላል ነገር ጠይቃቸው። 100 ማረጋገጫ ነጥብ ወስደሃል። 90ዎቹ እርሻ ላይ ወደቁ፣ 10ሩ ረግረግ ላይ። አሁን ምንም ሳትሠራ ካርታውን በሙሉ «እርሻ» ብለህ ቀለም ቀባው። ትክክለኛነቱ ስንት ነው? 90 በመቶ! ረግረጉ ግን አንዲት ፒክስል እንኳ የለውም። ጥናቱ ስለ ረግረግ ከነበረ ካርታው ባዶ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዓይነት ለየብቻ ይቁጠሩ፤ እውነተኛው ረግረግ ምን ያህሉ ተገኘ፣ «ረግረግ» ከተባለው ምን ያህሉ እውነት ነው።

የሳተላይት ምስል የማግኘቱ ነገር አያስጨንቅህ። የላንድሳት ክምችት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በነፃ ነው፤ የመጀመሪያው ላንድሳት ደግሞ በ1972 የተመነጠቀ ስለሆነ የረጅም ጊዜ ለውጥ ማየት ይቻላል። የሴንቲኔል 2 ምስሎችም በነፃ ይገኛሉ፤ የሚታየው ብርሃን ፒክስላቸው 10 ሜትር ነው። የዕፅዋት ልምላሜ መለኪያውን ግን መጀመሪያ በእጅ ያስሉት። አንድ ቅጠላማ ፒክስል ከዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን 0.45፣ የሚታየውን ቀይ 0.05 ያንጸባርቃል። ልዩነቱ 0.40፣ ድምሩ 0.50፤ ልዩነቱ ለድምሩ ሲካፈል ውጤቱ 0.8። ቅጠል ቀዩን ለምግቡ እንደሚውጠው የባዮሎጂ ልጆች ያውቃሉ። እነሱ ይናገሩ፣ አንተ አዳምጥ።

አሁን ወደምወደው ትምህርት ደረስን። ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ሰሌዳ ላይ አራት በአራት የሆነ 16 ቤት ያለው ሠንጠረዥ ሣል። በእያንዳንዱ ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ 1፣ 3፣ 5፣ 7 ጻፍ። አራቱም ረድፍ ያው ነው። ቁጥሮቹ የታማሚ ብዛት ናቸው በል። ግማሹን ክፍል «ከላይ ወደ ታች በአራት ወረዳ ክፈሉት» በለው። ግማሹን «በአግድም ክፈሉት» በለው። የመጀመሪያዎቹ 4፣ 12፣ 20፣ 28 ያገኛሉ። አንዱ ወረዳ ከሌላው 7 እጥፍ ተጎድቷል! አስቸኳይ ነው! ሁለተኛዎቹ 16፣ 16፣ 16፣ 16 ያገኛሉ። ምንም ልዩነት የለም፣ በሽታው በእኩል ተሰራጭቷል። ታማሚዎቹ ግን ያው 64 ሰዎች ናቸው። ከቦታቸው ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁለቱ ቡድኖች ለጥቂት ደቂቃ ይከራከሩ። ተማሪዎቹ ነገ ሥራ ላይ የሚያገኙት ዳታ አብዛኛው ሌላ ሰው ባሰመረው ወሰን ተደምሮ የመጣ ነው። ወሰኑ ራሱ መልሱን እንደሚሠራው ካላወቁ በካርታቸው ሰው ይጎዳሉ። ይህን የምለው አጋንኜ አይደለም፤ በጀትና መድኃኒት የሚመደበው እንዲህ ባለ ካርታ ነው።

ለባዮሎጂና ለአካባቢ ሳይንስ ተማሪዎች የዋልዶ ቶብለርን ሐሳብም አክልላቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 ነው የጻፈው፤ ሁሉም ነገር ይዛመዳል፣ የሚቀራረቡት ግን ከተራራቁት ይበልጥ ይዛመዳሉ የሚል ነው። ቀላል ይመስላል። ግን የስታቲስቲክስ መምህራቸው «ናሙናዎቹ አንዱ ከሌላው ነፃ ናቸው» ብሎ ያስተማራቸውን ያናጋዋል። ተቀራርበው የተወሰዱ 50 የአፈር ናሙናዎች እንደ 50 ነፃ ምስክር አይቆጠሩም። አንድ ቤት ያደሩ 50 ሰዎች ስለ አንድ ሌሊት እንደሚናገሩት ነው።

ስለ ሶፍትዌሩ ረጅም ክርክር አያስፈልግም። ኪውጂአይኤስን ያዝ። ነፃ ነው፣ ምንጩ ክፍት ነው፣ ተማሪው የራሱ ላፕቶፕ ላይ ጭኖ ሌሊትም መለማመድ ይችላል። ብዙ መሥሪያ ቤት አርክጂአይኤስ እንደሚጠቀም አውቃለሁ። ባፈርን፣ ፕሮጀክሽንን፣ ራስተርን የተረዳ ልጅ ከአንዱ ወደ ሌላው በጥቂት ቀናት ይሻገራል። ቁልፉን ብቻ የሸመደደ ግን አዲስ ስሪት ሲመጣ እንኳን ይጠፋበታል። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከ11ኛው ሳምንት በፊት አትጀምር። ሲጀምሩ በእጃቸው የሠሩትን ያንኑ ባፈር በጂኦፓንዳስ (በፓይተን የካርታ ዳታ መሣሪያ) ይድገሙት፤ አዲስ ነገር አይሁን። ተማሪዎቹ ኮዱን ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ተቀብለው እንደሚመጡም እወቅ። እኔ አልከለክልም። ኮዱ በዲግሪ ይሁን በሜትር እያሰላ እንደሆነ ግን ቆመው ያስረዱኛል።

የፋይል ዓይነቶች ላይ አትዘግይ። ሼፕፋይል የተባለው የተለመደ የካርታ ዳታ ፎርማት አንድ ፋይል ሳይሆን ቢያንስ ሦስት ፋይል መሆኑን፣ የኮርድኔት ሥርዓቱን የያዘው አራተኛው ከጠፋ መከራ እንደሚጀምር፣ የዓምድ ስም ከ10 ፊደል በላይ እንደማይቀበል ንገራቸው። ለአዲስ ሥራ ሁሉን በአንድ ፋይል የሚይዘውን ጂኦፓኬጅ ይጠቀሙ። በቃ።

ክፍልህ ቅልቅል መሆኑን እንደ ችግር አትየው። በእያንዳንዱ ቡድን ከየትምህርት ክፍሉ አንድ አንድ አድርግ። አንድ ቀን የኮምፒውተር ሳይንሱ ልጅ «ነጥቡ ወረዳው ውስጥ መሆኑን ኮምፒውተሩ በምን ያውቃል?» ብሎ ይጠይቃል። ሌክቸርህን አቁምና ሰሌዳው ላይ የተጠማዘዘ ቅርጽ ሣል። ከነጥቡ ወደ አንድ አቅጣጫ ቀጥ ያለ መስመር አስምር። ወሰኑን ስንት ጊዜ አቋረጠ? ጎዶሎ ከሆነ ውስጥ ነው፣ ሙሉ ከሆነ ውጭ ነው። በጣም ይገርማቸዋል። ወዲያው «መስመሩ ጥግ ላይ ቢያልፍስ?» የሚል ይመጣል። ተዋቸው ይከራከሩ። የሲቪሏ ተማሪና የባዮሎጂው ልጅ አንድ አልጎሪዝም ላይ ሲሟገቱ ማየት ለእኔ ከሁሉም ደስ የሚለኝ ሰዓት ነው።

ፕሮጀክታቸውን ሲጀምሩ የጆን ስኖውን ታሪክ አንሣ፤ ግን በትክክል ንገራቸው። ብዙ ጊዜ የሚወራው ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ በኮሌራ የሞቱትን ካርታ ላይ ሲያስቀምጥ የብሮድ ስትሪት የውሃ ፓምፕ ድንገት ተገለጠለት ተብሎ ነው። እንዲያ አልነበረም። ስኖው ኮሌራ በውሃ እንደሚተላለፍ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ይጽፍ ነበር። የፓምፑ እጀታ ሴፕቴምበር 8 ተነሳ፤ ታዋቂው ካርታ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጥያቄው ቀደመ፣ ካርታው ተከተለ። ከነጥቦቹ ይልቅ ባዶ ቦታዎቹን አሳያቸው። ፓምፑ አጠገብ ከ500 በላይ ሰው የሚኖርበት የድሆች መጠለያ ነበር። የሞቱት 5 ብቻ ናቸው፤ ግቢው የራሱ ጉድጓድ ነበረው። እዚያው ሰፈር ያለው የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞችም ከፓምፑ አይጠጡም ነበር፤ እነሱም ተረፉ። ስኖው የራሱን ሐሳብ ሊያፈርስ የሚችለውን ቦታ ፈልጎ በእግሩ ሄዶ ጠየቀ። ተማሪዎችህም የፕሮጀክታቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሁለት ነገር ይጻፉ፦ ጥያቄያቸውንና፣ ካርታው ምን ቢያሳይ ሐሳባቸው ስህተት እንደሆነ እንደሚቀበሉ። ይህን ሳይጽፉ ዳታ እንዳያወርዱ። አራተኛ ዓመት ላይ «ከየት ልጀምር?» ያሉት ልጆችህ የጎደላቸው ይኸው ነው፤ ጥያቄ አልነበራቸውም።

ውጤት አሰጣጥህን ካልቀየርክ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ተማሪ የሚያጠናው ነጥብ የሚያስገኝለትን ነው። ለቆንጆ ካርታ ነጥብ የምትሰጥ ከሆነ ቆንጆ ካርታ ታገኛለህ። እኔ ከላቡ ነጥብ ግማሹን የምሰጠው ስህተትን ለማግኘትና ለማስረዳት ነው። የፕሮጀክቱን ደግሞ ለእያንዳንዱ ተማሪ 10 ደቂቃ እሰጥና ካርታው ላይ አንድ ቁጥር ጠቁሜ «ይህ በግምት ልክ መሆኑን ያለ ኮምፒውተር አሳየኝ» እላለሁ። ያን ጊዜ የደኑ ተማሪ ይህን ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ በግማሽ ደቂቃ ራሱ ያገኘው ነበር።

ሴሚስተሩ ሳይጀመር ጊዜ የሚኖርህ አንድ ነገር ለማዘጋጀት ብቻ ከሆነ አራት ፋይል አዘጋጅ። በአንደኛው ኬክሮስና ኬንትሮሱን አቀያይር። በሁለተኛው ዳተሙ ላይ የውሸት ስም ለጥፍ። በሦስተኛው ጥቂት ባዶ የኬክሮስና የኬንትሮስ ሴሎችን ወደ ዜሮ ቀይር፤ ነጥቦቹ ከምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ርቀው፣ ዜሮ ከዜሮ ጋር በሚገናኝበት ባሕር ላይ ይወድቃሉ። አራተኛው ላይ ምንም አትንካ። ከዚያ ለአጋማሽ ፈተና አራቱንም ያለ ማብራሪያ ስጣቸው። ሦስቱን ስህተቶች ብዙዎቹ ያገኟቸዋል። አራተኛውን ልክ ነው ለማለት ግን ምን ምን እንዳረጋገጡ መጻፍ አለባቸው፤ ከፍተኛውን ነጥብ እዚያ ላይ አድርግ።